«አታስቢ» ነበር ወይስ «አስቢኝ»?

ትናንት ከቀትር በፊት መርሳ ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሣ መንገድ ላይ ወጣ፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ይቆማል፣ አንዱ የባጃጁ ጣሪያ ላይ ሊወጣ ይቃጣዋል፣ አንዷ ኮረዳ ደግሞ ስልኳን እንደ ቴርሞሜትር ታራግፋለች። እኔ በራፌ ላይ ዱካዬ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። መጀመሪያ ሳቅሁባቸው። ትንሽ ቆይቶ ግን እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረና ምስሩ ከሰፌዱ ላይ ይንጠባጠብ ገባ፤ ሰው እንዳያየኝ እጄን ከነጠላዬ ሥር ደበቅሁ። ስልክ ሲጠፋ የሚንቀጠቀጥ አሮጊት በሐብሩ ወረዳ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ምክንያቱን የምናውቀው እኔና እግዜር ብቻ ነን። ጎረቤቴ ሐዋም ታውቃለች፤ ሐዋ መቼም የማታውቀው የለም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወልድያ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርሁ። ዛሬ ይህን ስናገር ኦፕሬሽን የምሠራ ሐኪም ሆኜ የሰው ሆድ ስቀድ የኖርሁ የሚመስላቸው ልጆች አሉ። ያኔ ስልክ በኪስ አይያዝም፤ እንደ ሰው የራሱ ቤት ነበረው። ከጎንደር በር ብዙም ያልራቀ፣ ግድግዳው ቢጫ ቀለም የተቀባ አዳራሽ ነው፤ ጥግ ላይ መስታወታቸው በደዋይ ትንፋሽ የደበዘዘ ሁለት የእንጨት ሳጥኖች ቆመዋል። ሰዉ አግዳሚ ላይ ተራውን ይጠብቃል፣ እኔ የጆሮ ማዳመጫዬን ጭኜ ገመዱን ከቀዳዳ ቀዳዳ እየሰካሁ «ሄሎ ደሴ! ሄሎ ደሴ፣ ወልድያ ነኝ!» እላለሁ። መስመሩ ሲገኝ «የአዲስ አበባ፣ ሁለት ቁጥር ይግቡ!» ብዬ እጣራለሁ። የሚገባው ሰውም አዲስ አበባ ሩቅ ስለሆነች በጉልበቱ ይጮኻል። የማን በሬ ገደል እንደገባ፣ የማን ልጅ ሳታገባ እንዳረገዘች አዳራሹ በሙሉ ይሰማል። ምሥጢር የሚባል ነገር አልነበረም። ስልክ ቤት የነገሩት ገበያ ወጣ እንል ነበር።

ደግ ጊዜ ነበር ልበል? እኔ ልጅ ስለነበርሁ ይሆናል ደግ የመሰለኝ። ከስልክ ቤቱ አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም ትሸጥ ነበር፤ ፓስቲው የታሸገበት ጋዜጣ ዘይት ጠጥቶ ማዶው ይታያል። ወንዶቹ አፍሯቸውን አጎፍረው፣ ታቹ የሰፋ ቦላሌ ለብሰው፣ ሸራ ጫማቸውን ጠመኔ ቀብተው ያነጡና ዝናብ ሲመጣ እንደ ድመት ኩሬ እየዘለሉ ይሄዳሉ። እኔም ደመወዝ ስቀበል ያሰፋኋት ውኃ ሰማያዊ የትሬቪራ ጨርቅ ጉርድ ቀሚስ ነበረችኝ፤ እሷን የለበስሁ ቀን ገመድ ስሰካ እንኳ አዟዟሬ ይለይ ነበር። ከሻይ ቤቱ ራዲዮ ክራር በግድግዳው በኩል ይመጣል፤ አምባሰል ሲሆን እጄ ይፈጥናል፣ ትዝታ ሲሆን ሐሳቤ ይሄድና ደዋዩን ሁሉ ከጅማ አገናኘሽው ይሉኝ ነበር ባልደረቦቼ። በጆሮዬ ግን የሚቀልድ አልነበረም። መስመሩ ዝናብ እንደሚወርድበት ቆርቆሮ ሲንጫጫ፣ ሌሎቹ «አልተሰማም፣ ይድገሙ! ይድገሙ!» እያሉ ሲለምኑ፣ እኔ አንዴ ሰምቼ እጽፋለሁ። አለቃችን «የጥሩወርቅ ጆሮ አይስትም» ይሉ ነበር። «ይድገሙ» ማለት ለእኔ ውርደት ሆነብኝ። ይህች ሙገሳ ናት ያጠፋችኝ።

ያኔም ሰሜኑ ጦርነት ነበር። ማን ከማን እንደተዋጋ የሚያውቁ ይጻፉት፤ እኔ የማውቀው በስልክ ቤቱ መስኮት የማየውን ነው። ወታደር የጫነ መኪና እየዘፈነ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ሲመለስ አይዘፍንም። ዘማቾቹ አንዳንድ ጊዜ ካሉበት ካምፕ መስመር ለምነው መልእክት ይልኩ ነበር። ባለቤቱ ተጠርቶ እስኪመጣ መስመሩ ስለማይቆይ፣ የሚሉትን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ለቤተሰብ እናደርሳለን። አብዛኛው «ደህና ነኝ፣ ሹራብ ላኩ» ነው። ይህን የሚጠብቁ እናቶች ብዙ ነበሩ፤ ከሁሉም ግን እማማ ዘነቡ በራችን ላይ የበቀለ ዛፍ መስለው ነበር። ብርቱካን ሻጭ ናቸው። ከመርሳ በኩል የሚመጣውን ብርቱካን ተቀብለው ገበያ መሄድ ትተው፣ ስልክ ቤቱ ደረጃ ላይ አምስቱን በሃምሳ ሳንቲም ይሸጣሉ። አንድ ልጃቸው ጌታቸው ዘምቶባቸዋል። «ጥሪ ሲመጣ ቅርብ ልሁን ብዬ ነው» ይሉ ነበር። ጠዋት ስገባ «ጥሩዬ፣ ዛሬስ?» ይሉኛል። «ዛሬም የለም እማማ» እላለሁ። ይህ ሰላምታችን ሆነ።

አንድ ቀን መጣ። መስመሩ ከሩቅ ነው፤ ይፈላል፣ ይፏጫል። «ወልድያ? ወልድያ? ለእናቴ… ብርቱካን ለምትሸጠው… ጌታቸው ነኝ በሏት… አ… ስቡ…» ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ ምንም። መስመሩ ሳይበጠስ «ይድገሙ» ለማለት የምትበቃ አንዲት ትንፋሽ ነበረችኝ፣ አላልሁም። ደንቡም እንዲህ ሲሆን «በግልጽ አልተሰማም» ብላችሁ ጻፉ ይላል። የጥሩወርቅ ጆሮ አይስትማ! «ጌታቸው ነኝ፤ አስቡኝ» ብዬ ጻፍሁ። ደረጃው ላይ ወጥቼም ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው።

«አስቡኝ» እኛ አገር ቀላል ቃል አይደለም። መነኩሴ ወደ በረሃ ሲሄድ «በጸሎት አስቡኝ» ይላል፤ በአልጋው ላይ የደከመ ሰው ልጆቹን ሰብስቦ «አስቡኝ» ይላል። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ባንድ ጊዜ እሪ አሉ። አንዷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አገለደመች። እማማ ዘነቡ በግማሽ የተላጠ ብርቱካን እጃቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ።

«ዝም በሉ!» አሉ። «አስቡኝ ነው ያለ። አልቅሱልኝ መች አለ?»

በማግስቱ ገመድ እየሰካሁ ሳለ አንድ ነጋዴ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ! አታስቡ ብያለሁ!» እያለ ሲጮህ ሰማሁና ደንግጬ የራሱን መስመር ነቀልሁበት። ሰውዬው ወጥቶ ሲሰድበኝ አልሰማሁትም። «አ… ስቡ…»፤ መካከል ላይ የተበላችው «ታ» ብትሆንስ? ልጁ ያለው «አታስቡ» ቢሆንስ? የእኛ ቋንቋ ነገረኛ ነው፤ ማሰብም ማሰብ ነው፣ መጨነቅም ማሰብ ነው። አንዱ ልጅ አትጨነቁ ይላል፣ አንዱ ልጅ አትርሱኝ ይላል፣ መካከላቸው ያለችው አንዲት ፊደል ናት። «ታ»ን የበላኋት፣ መጨረሻ ላይ «ኝ»ን የጨመርኋት እኔ ልሆን እችላለሁ። ወጥቼ ልንገራቸው አልሁ። አፈርሁ፤ ሥራዬንም ፈራሁ። «ጥሩዬ፣ ዛሬስ?» ሲሉኝ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ በጓሮ በር መግባት ጀመርሁ።

እሳቸው ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አንድ ልማድ አመጡ። የንስሐ አባታቸው «ስግደቱ ለጉልበትሽ ይከብዳል፤ በምትኩ በየቀኑ ስለ ልጅሽ አንድ ደግ ነገር አስቢ» ብለው ቀኖና ሰጥተዋቸዋል። እማማ ዘነቡ ደግሞ ዝም ብለው ማሰብ አያውቁም፣ ለሰው ይናገሩታል። ብርቱካናቸውን ከመደርደራቸው በፊት፣ «ጌታቸው ዳቦ ሲቆርስ ትልቁን ለሰው ነው የሚሰጥ» ይላሉ ለዘበኛው። በማግስቱ፣ «ጌታቸው ሲዘምር ዜማው ይጠፋዋል፣ ድምፁን ግን አይቀንስም» ይላሉ ሻይ ለምታፈላዋ ሴት። አንድ ቀን እኔን በጓሮ በር አድፍጠው ያዙኝና «ጌታቸው አራስ ሳለ ውሻ ሲጮህ ይስቅ ነበር» አሉኝ፤ እንደ ትልቅ ወሬ። በየቀኑ አንድ። ሁለት አይሉም፣ አይዘሉም። እኛ ወጣቶቹ ሻይ ቤት ተቀምጠን እየተሳሳቅን «እኚህን ሴት ነካ አድርጓቸዋል፣ ልጁ እኮ ሞቷል» እንባባል ነበር። ከሁሉ አብልጬ የምስቀው እኔ ነበርሁ፤ ሰው ሲያፍር እንዲህ ነው የሚያደርገው። ጦርነቱ አብቅቶ የተበተነው ሠራዊት በእግሩ ሲመለስ፣ እማማ ዘነቡ መንገድ ዳር ተቀምጠው ብርቱካኑን ለሚያልፈው ሁሉ በነፃ አደሉት። ጌታቸው አልመጣም። ቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ድንኳን ልትከል ቢል «ይቆይ» አሉ። ብርቱካናቸውን መሸጥ፣ በቀን አንዷን መናገር ቀጠሉ።

ዕድሜ ሰጥቶኝ ሁለተኛውን የሰሜን ጦርነት ከራሴ ደጃፍ አየሁት። ጡረታ ወጥቼ፣ ባሌን ቀብሬ፣ ወላጆቼ ቤት መርሳ ገብቼ ነበር። ያሬድ አንድ ልጄ ነው፤ ወልድያ ጋራዥ ይሠራል፣ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ይመለሳል። እንደልማዱ እሑድ ሄደ። ማክሰኞ ወሬው ሁሉ ከበደ፤ መንገዱ ላይ ሰው ፍራሽና ልጅ ተሸክሞ ወደ ደሴ ይጎርፍ ጀመር። እኔ ጉልበቴ እንኳን ደሴ የመንደሩ ጫፍም አያደርሰኝም። ስልኬ ጠራ። ያሬድ ነው። ከበስተኋላው የመኪና ጥሩምባና የሰው ጩኸት አለ። «እማዬ፣ እየወጣሁ ነው፣ በእግሬ ነኝ… ሄሎ? እማዬ… አ… ስቢ…» ብሎ ተቋረጠ። መልሼ ደወልሁ። ኔትወርኩ ከነአካቴው ሄደ።

ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ ብዙ ቆሜአለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ድምፅ ከጩኸት ውስጥ እየለቀምሁ የኖርሁ ሴት የገዛ ልጄን ቃል አልሰማሁትም። አታስቢ? አስቢኝ? እግዚአብሔር በቀልድ የሚቀጣ አምላክ አይደለም እላለሁ፤ ያን ቀን ግን ተጠራጠርሁ። ሐዋ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዱቄት በጨርቅ ቋጥራ መጣች። ያረጁ አባቷን ትታ መሸሽ ስላልቻለች እሷም ቀርታለች። «ማን ላከሽ?» ብላት «ማን ይልከኛል እቴ፣ እግሬ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አልቀረችም።

እነዚያን ወራት እንዴት እንዳሳለፍናቸው መናገር ይታክተኛል። መብራት የለም፣ ባንክ የለም፤ ወፍጮ ቤቱ ስለቆመ የአያቶቻችንን ድንጋይ ከጓሮ አውጥተን አጥበን ፈጨንበት። ጨው ሲያልቅ የሐዋን ጓሮ ጥሬ ፓፓያ ያለ ጨው ቀቅለን በላን። ረኃቡስ ይቻላል። ያልቻልሁት ጭንቅላቴን ነበር። እጄ እህል ይፈጫል፣ ሐሳቤ ያሬድን ይገድላል፤ አንዴ ድልድይ ላይ፣ አንዴ ሸንተረር ላይ፣ አንዴ ውኃ ጠምቶት። በቀን ስንቴ ቀበርሁት። ሐዋ ፊቴን አይታ «አብሽሪ እቴ፣ ደግ ደጉን አስቢ» ስትለኝ እቆጣታለሁ፤ «ደጉ የታለና ነው የማስበው?» እላታለሁ። ወላሂ ከኔ ሌላ ቢሆን ጥሎኝ ይሄድ ነበር።

ኔትወርኩ የተመለሰ ቀን የመርሳ ስልክ ሁሉ ባንዴ ጮኸ። ይህን ያላየ አያውቀውም። ከዚህ ቤት እልልታ፣ ከዚያ ቤት ለቅሶ፤ ሰው «አለህ ወይ? አለሽ ወይ?» እያለ በየደጁ ይሮጣል። እኔ አዲስ ነጠላዬን ለብሼ፣ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። እስኪመሽ ተቀመጥሁ። የእኔ አልጠራም። የእሱን ስደውል አንዲት ልጅ በተቀዳ ድምፅ ደንበኛው ሊገኙ አልቻሉም ትለኛለች። እኔም በዘመኔ ይህንኑ ለስንቱ ብያለሁ፤ እኔ ግን ሰው ነበርሁ፣ «አይዞዎት» እልበት ነበር። እሷን ብማጸናትም አትሰማ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሬ የተበላሸው። ክፉ ማሰቡ ሊገድለኝ ሲል ገልብጬ ያዝሁት። ያሬድ ጅቡቲ ነው አልሁ። ወደብ ላይ የጭነት መኪና ይጠግናል፣ ስልኩ ጠፍቶበታል፣ የእኔን ቁጥር በቃሉ አያውቀውም። መጀመሪያ ለሰው ነበር የምናገረው፤ እየዋለ እያደረ ለራሴ ሆነ። ኋላ ሚስት አጋባሁት፣ ለምራቴም ስም አወጣሁላት። ሰንበት ላይ ሰባኪው «ክፉውን ከልባችሁ አውጡ፣ ደጉን አስቡ» ሲል ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ይኸው ታዘዝሁ እላለሁ። ቅዳሴ ሲደርስ መምሬ ተስፋዬ ሰውን በጸሎት ሲያነሡ የያሬድን የክርስትና ስም፣ ወልደ ሚካኤልን፣ እሰጣቸዋለሁ። «ከሕያዋን ነው ከሙታን?» ሲሉ «ከሕያዋን!» እላለሁ፣ የተጣላሁ ያህል። የቅሬያችን ዳኛ ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ መጥቶ «እትዬ ጥሩ፣ ጎረቤት ሁሉ የሞተበትን አልቅሶ ጨርሷል። እርምዎን ያውጡ፣ ድንኳን እንትከል» ቢለኝ፣ ከቤቴ አስወጣሁት። ልቅሶ መሄድም ተውሁ። የሌላው እናት እንባ የእኔን ጅቡቲ እንዳያፈርስብኝ ፈራሁ። ልቅሶ ለማይደርስ ሰው ማን ይደርስለታል? አንድ በአንድ ቀሩብኝ። ደግ ደጉን እያሰብሁ ብቻዬን ቀረሁ፣ ሐዋ ብቻ ስትቀር።

ትናንት ኔትወርኩ ሲመለስ፣ ያቺ ስልኳን ታራግፍ የነበረችው ኮረዳ መንገዱ መካከል ቆማ «እማ! ደህና ነኝ እኮ፣ አታስቢ!» ብላ ጮኸች። ምስሩ ተደፋ። ስንት ዓመት ያላሰብኋቸው እማማ ዘነቡ ፊቴ ላይ መጥተው ቆሙ፤ ደረጃው ላይ እንዳሉት አይደለም፣ አልጋቸው ላይ እንዳሉት። መድከማቸውን ሰምቼ፣ ጌታቸውም ከቀረ ስንት ዘመን አልፎ፣ ልናዘዝ ሄጄ ነበር። ከአልጋው ሥር ተንበርክኬ «እማማ፣ ያን ቀን በደንብ አልሰማሁም። አታስቡ ብሎ ይሆናል። አስቡኝ ያልሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው። ገላምጠው አዩኝና ሳቁ፣ ጥርስ የለም፣ ሳቅ ብቻ።

«ይኼን ተሸክመሽ ነው በጓሮ በር ስትሾልኪ የኖርሽው? አውቄዋለሁ እኮ። ስታነቢው ድምፅሽ ተንቀጥቅጧል። እኔስ ጆሮ የለኝም?»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ብጠይቅሽ ምን ትጨምሪልኛለሽ? አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅ። ሞቷል አልልም፣ አለም አልልም፣ አላውቅም። አባ ደግ ደጉን አስቢ አሉኝ እንጂ ዋሺ አላሉኝም። ሐዋርያው ራሱ በመልእክቱ ‹እነዚህን አስቡ› ብሎ ሲቆጥር ‹እውነተኛ ከሆነው› ነው የጀመረ ብለው አስተምረውኛል። ልጄ ዳቦ ሲቆርስ ትልቁን ለሰው ይሰጥ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ይህ እውነት ነው። ይህን ማን ይቀማኛል?» ትንሽ አረፉና ደግሞ፣ «ሰው የሚበላ ሐሳብ አለ፣ ሰው የሚያበላ ሐሳብ አለ ልጄ። እኔ የሚያበላውን ያዝሁ» አሉ።

እኔ ያኔ የሰማሁት ይቅርታውን ብቻ ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ሸክሜ ቀለለልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድሁ። የቀረው ንግግር ለእኔ የተላከ መልእክት ይሆናል ብዬ መች ጠረጠርሁ። ትናንት የተደፋውን ምስር ከአፈር እየለየሁ ስለቅም፣ ቃል በቃል ተመለሰልኝ።

ዛሬ ሰንበት ነበር። መምሬ ተስፋዬ ገና ልጅ ናቸው፣ ጺማቸው ሞልቶ አልወጣም። እንደወትሮው ጎንበስ ብለው «ወልደ ሚካኤልን ከሕያዋን ልበል እናቴ?» አሉኝ። አፌን ከፈትሁ፤ ጅቡቲ ልትወጣ ነበር።

«አላውቅም አባ» አልሁ።

ይህችን ቃል ለማውጣት ይህን ሁሉ ዓመት ፈጀብኝ። ስትወጣ ግን ዓምዱን ተደግፌ አለቀስሁ፤ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ከተቀመጥሁባት ቀን ወዲህ አልቅሼ አላውቅም። መምሬ ከሕያዋንም ከሙታንም አላሉኝ። «እንግዲያው ስሙን ብቻ እጠራዋለሁ። የት እንዳለ የሚሰማው አምላክ ያውቃል» አሉና ሄዱ። ሲጠሩት ሰማሁ። ወልደ ሚካኤል። ብቻውን።

ስመለስ ሐዋ በራፌ ላይ የበሰለ ፓፓያ ቆራርጣ ትጠብቀኛለች። ዓይኔ ማበጡን አይታ ዱካዬን አቀረበችልኝ። አጠገቧ ተቀመጥሁና፣ «ሐዋ፣ ያሬድ ይኑር ይሙት አላውቅም» አልኋት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

«ምኑ ነው አልሐምዱሊላህ የሚያሰኘው?»

«ጅቡቲ አለማለትሽ ነዋ!»

ሳልወድ ሳቅሁ። የሳቁ ግፊት ይሁን ምን እንጃ፣ ወሬው ራሱ መጣልኝ። «ታስታውሻለሽ?» አልኋት፤ «እዚሁ ተቀምጦ ባጃጅ ሲያልፍ ሳያይ በድምፁ ብቻ ይቺ ታማለች፣ ይቺ ደህና ናት ይል ነበር። አንዱን ሹፌር በሩጫ ተከትሎ አስቁሞ የላላ ብሎን ጠብቆለት በባዶ እግሩ ተመለሰ።»

«ጆሮው የአንቺ ነው» አለች ሐዋ። ፓፓያውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችውና፣ «የሄደ እሑድ እኮ በኔ በር ቆሞ ነበር» አለች።

«የትኛው እሑድ?»

«የመጨረሻው። መኪና እየጠበቀ ገባ አለና፣ ‹እትዬ ሐዋ፣ ነገሩ አላማረኝም። መንገዱ ቢዘጋ እማዬን ያስቡልኝ› አለኝ። ‹እንዳይነግሯት፣ ትደነግጣለች› አለ።»

ዱቄቱ በጨርቅ ተቋጥሮ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መምጣቱ፣ ጥሬው ፓፓያ፣ ስቆጣት አለመሄዷ፣ ሁሉም ባንዴ ፊቴ ላይ መጣ። እኔ አታስቢ ነው አስቢኝ ነው እያልሁ ሁለቱን ቃል ስመዝን፣ ልጄ ሦስተኛውን ማሰብ በጎረቤቴ እጅ አስቀምጦልኝ ሄዷል።

«ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት አትነግሪኝም?» አልሁ።

«መች ጆሮ ሰጠሽኝ! ስሙን ባነሣሁ ቁጥር ጅቡቲ፣ ምራቴ፣ ወደቡ! የት ላስገባው? ደግሞ ለዱቄቱ እሱን እንዳታመሰግኚው፤ ሳይለኝም አመጣልሽ ነበር።»

መንገዱ ላይ ባጃጅ አለፈ። ሐዋ የነገረችኝ ከያሬድ የመጣ መልእክት ነው፤ ዘግይቷል፣ ግን ደርሷል፣ አንድም ፊደል አልጎደለበትም። ወደ ሐዋ ዞርሁና በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ውስጥ ማለት ሲገባኝ ያላልሁትን ቃል አልሁ።

«ድገሚልኝ።»

ሐዋ ደገመችልኝ።